የሦስት ወር መርፌ

ደብረ ታቦር ላይ ተከራይቼ የኖርኩባት ክፍል ከአከራዬ ሳሎን ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራ ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሴት ናቸው። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት ልጃቸው አብራቸው ትኖራለች። ካመጣችው ዕቃ ሁሉ የሰፈሩን ሴቶች ልብ የወሰደው ቴሌቪዥኑ ነው፤ የሳሎኑን ግድግዳ ግማሽ ይሸፍናል ብል አላጋነንኩም። እኔ ከከተማው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ነበርኩ። ጠዋት ወጥቼ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እመለሳለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ፣ ድምፄ አይሰማም። እማማ ለጎረቤት «እንዲህ ያለች ጨዋ ተከራይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ሲሉ በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። እኔ ጨዋ አልነበርኩም፤ ፈሪ ነበርኩ።

የስኳር በሽታ አለብኝ። ትምህርቴን ልጨርስ ስል ነው የታወቀው። ጠዋትና ማታ ሆዴ ላይ ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ ካልወጋሁ እሞታለሁ። ዛሬ ይህን እንዲህ በአጭሩ እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን የምናውቀው እናቴ፣ የሆስፒታሉ ሰዎችና እኔ ብቻ ነበርን። ከሆስፒታል ወጥተን ወደ ቤታችን ወደ ሐሙሲት ስንመለስ እናቴ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «ይኼን ነገር ለሰው እንዳታወሪ። ስኳር ያለባትን ማን ያገባታል? አትወልድም ብለው ስም ያወጡልሻል» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስለምትወደኝ ነው ያለችው። እኔም ቃሏን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት።

መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም። ፍሪጅ ለሌለው ሰው የሆስፒታሉ ነርስ ያስተማረችኝ ዘዴ አለ፦ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፣ በሁለቱ መካከል እርጥብ አሸዋ ይሞላል፣ ብልቃጡ ከትንሿ ውስጥ ይገባል። ሐሙሲት ላይ ይህ ደኅና ነው። ደብረ ታቦር ስመጣ ግን ማሰሮዬን ታቅፌ መምጣቴ ዛሬ ያስቀኛል። በደብረ ታቦር ብርድ መድኃኒት ይሞቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ከእኔ በቀር ማን አለ? ቢሆንም ልማድ ነው፤ ማታ ማታ አሸዋውን ውኃ አጠጣዋለሁ።

እማማ ገና በገባሁ ሰሞን ዳቦ ሊሰጡኝ መጥተው ማሰሮዋን አዩ።

«ይኼ አሸዋ ምንድን ነው ልጄ?»

«እምነት ነው» አልኳቸው።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እምነት ማለት ከጸበል ቦታ የሚመጣው፣ በሽተኛ የሚቀባው አፈር ነው። ከየትኛው ገዳም እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ሩቅ ነው» አልኩ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከአሸዋዬ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ግንባራቸውን ቀቡ። ከወንዝ ዳር የተዘገነ አሸዋ ነው። እኔ «ኧረ ይተዉት» ሳልል በሩን ይዤ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ወዲያ ጉልበታቸውን ባመማቸው ቁጥር ይመጡ ጀመር። «ተሻለኝ» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ድራማው የመጣው በዚህ መካከል ነው። የእማማ ልጅ ከስልኳ ወደ ቴሌቪዥኑ የምታስተላልፈው የዩቲዩብ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ አዲስ ክፍል ይለቀቃል። ከሥራ ስመለስ ሴቶቹ ሳሎኑን ሞልተው ይጠብቁኛል፤ ለእኔ በር አጠገብ የምቀመጥባት ዱካ ያስቀምጡልኛል። ታሪኩ ስለ አንድ ስውር ማኅበር ነው። አባላቱ ቀን ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው፤ ባንክ ቤት ይሠራሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ጠዋትና ማታ ግን በራቸውን ዘግተው፣ ልብሳቸውን ገልበው፣ ሆዳቸው ላይ መርፌ ይወጋሉ። መርፌው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያድላቸው አይታወቅም። ያቋረጠ አባል ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ምላሱ ይተሳሰርበታል። ሌላው ሰው የሚለያቸው እምብርታቸው አካባቢ ባሉት ትንንሽ ነጠብጣቦች ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል ሳይ ደራሲው በመስኮቴ ሲያጮልቅ የከረመ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ስቷል። እኔን የሚያንቀጠቅጠኝ መርፌውን ስተወው አይደለም፤ ወግቼ ምግብ ሲዘገይብኝ ነው። ይህን ስህተት ለማረም አፌን በልቶኝ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ከፍርሃቴ የዕውቀት ኩራቴ በልጦ ነበር ማለት ነው።

እማማን ያናደዳቸው ሌላ ነው። «ማኅበር እንኳ አትበሏቸው» ይሉ ነበር። «ማኅበር የእኛ ነው። እነዚህ ጠላ አይጠምቁ፣ ዳቦ አይቆርሱ፣ ስም አይጠሩ፤ ምናቸው ነው ማኅበር?»

«ኧረ እማዬ፣ ዝም ብለሽ እይ» ትላለች ልጅቱ። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ «ሆዷን የምትሸፋፍን ሴት ካያችሁ ተጠንቀቁ» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ አንዷ የሌላዋን ቀሚስ ትጎትታለች። እኔም እስቃለሁ። እንዲያውም ከሁሉም አስበልጬ «ከእንዲህ ያለው ይሰውረን» የምለው እኔ ነበርኩ፤ የማታው መርፌ የሚገባበትን ቦታ በክንዴ ሸፍኜ። ድራማው ካለቀ በኋላ ክፍሌ ገብቼ፣ በሩን ቀርቅሬ፣ መጋረጃውን ስቤ ስወጋ ከበስተኋላዬ ካሜራ ያለ ይመስለኝ ነበር። የገዛ ሆዴን ማየት አስጠላኝ።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ሴቶቹ የሉም፣ ልጅቱ አኩርፋ ደጅ ላይ ተቀምጣለች። «እማዬ ከእንግዲህ በቤቴ አይከፈትም ብላለች። ምን እንደነካት እንጃ» አለችኝ። ክፍሌ ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እማማ ተከትለውኝ ገቡና በሩን መለስ አደረጉት።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ እስቲ።»

ቁጭ አልኩ። እሳቸውም ከአልጋዬ ጫፍ ላይ አረፍ አሉ።

«ዛሬ ጉልበቴ ብሶብኝ፣ አንችም ስላልነበርሽ፣ በትርፉ ቁልፍ ከፍቼ እምነት ልቀባ ገብቼ ነበር። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ትንሿን ማሰሮም ከፈትኳት።»

ማሰሮዋ ውስጥ ብልቃጡም፣ መርፌዎቹም ነበሩ። «የማኅበሩ ነሽ ወይ?» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። «እምነት ነው ብለሽ ዋሸሽኝ» እስኪሉኝም ጠበቅሁ። እማማ ግን ወደ በሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የሦስት ወሩ ነው አይደል?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። የሦስት ወር መርፌ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው፣ እርግዝናን የሚከላከለው መርፌ ነው። እማማ የትዳር አጋር የሌላት ጨዋ ተከራያቸው በድብቅ ሰው እንደያዘች ነው የገመቱት። ሆዴን ሳይሆን ልቤን የሸፈንኩ መስሏቸዋል።

«አትፈሪ» አሉኝ። «ሰው ነሽ፣ ወጣት ነሽ። እኔም የመጨረሻዋን ከወለድኩ በኋላ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳያውቅ ተወግቻለሁ። ገበያ ልሂድ ብዬ ጤና ጣቢያ። ይኼው ለሰው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

በዩቲዩብ ከሚታየው ስውር ማኅበር ይልቅ የእማማና የመሰሎቻቸው ይበልጣል ብዬ ሳስብ ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። የመናገሪያ ጊዜዬ ያ ነበር። «አይደለም እማማ፣ ስኳር አለብኝ» ማለት ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ። የእናቴ ድምፅ ከሚኒባሱ ውስጥ ተሰማኝ መሰለኝ፣ አንገቴን ደፋሁና «አዎ» አልኩ።

ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ሊገባው ይችላል። ያላገባች ልጅ፣ ያውም በዚያ ሰፈር፣ ወንድ ይዛለች መባልን ትመርጣለች? መረጥኩ። ወንድ የያዘች ልጅ ብትታማም ሙሉ ሰው ናት፤ ነገ ታገባለች፣ ሐሜቱም ከሠርጉ ጋር ያልፋል። በሽታ ግን ከእኔ ጋር የሚያረጅ ነው። እንዲህ ነበር የማስበው። እማማ «ማነው እሱስ?» ሲሉኝ ቁልቁል እያየሁ «ሩቅ ነው» አልኳቸው፤ ለእምነቱም ለሰውየውም ያለችኝ መልስ ያችው አንዲቷ ነበረች።

እማማ ግን ነገር አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው አይደሉም። ደግነታቸው እጅና እግር አለው። በዚያው ሳምንት የነፍስ አባታቸውን አነጋገሩልኝ። «በደንብ ነግሬልሻለሁ፤ አንች ሄደሽ መስቀል መሳለም ብቻ ነው» አሉኝ። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ሄድን፤ እሳቸው ከዛፍ ሥር ቆዩ፣ እኔ ከአባ ፊት ቆምኩ። አባ ገራገር ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ እውነት ነው?» አሉኝ፤ «አዎ አባቴ» አልኩ። ኃጢአት ሳልሠራ ተናዘዝኩ፤ በመናዘዜም ኃጢአት ሠራሁ። ቀኖናውን ሰጡኝ፦ ከሰኞ ጀምሮ፣ ሰንበት ሳይቆጠር፣ አንድ ሱባኤ እስከ ማታ መጾም፣ ማለዳ ማለዳ መስገድ።

እስከ ማታ። የነርሷ አንዲት ትእዛዝ «መርፌ ወስደሽ ሳትበይ እንዳትቀሪ» የምትል ነበረች። ለአባ ሕመምተኛ ነኝ ብል ጾሙን ያነሱልኝ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም። ለዚያ ግን የበሽታውን ስም መጥራት ነበረብኝ። ዝም ብዬ ክፍሌ ተደብቄ እንዳልበላ ደግሞ እማማ ጾሜን እንደ ራሳቸው ጾም ያዙት። ረፍት ወስጄ እንድጾም ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ አስጠይቀውኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከጎናቸው አስቀምጠው ገድል ያስነብቡኛል። አንብቢ የሚሉኝ እየራበኝ እንዳልፈተን ነው። ያን ያህል ተጠንቅቆልኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጥንቃቄያቸው ሊገድለኝ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት መርፌውን ተውኩት። ጥማቱ ጀመረኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ተመላለስኩ፣ ሆዴ ተላወሰ። ይህ ከቀጠለ ወደየት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ በሽታው የታወቀብኝ ቀን ራሴን ስቼ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ፈራሁና ሙሉውን መጠን ወጋሁ። አንድ ዳቦ በነጠላዬ ደብቄ ሽንት ቤት ገብቼ ልበላ አስቤ ነበር። የሽንት ቤቱን በር ከፍቼ ቆምኩና አልቻልኩም፤ እዚያ መብላት ከመራብ ይልቅ አስጠላኝ። ዳቦውን ለዶሮዎቹ ፈረፈርኩላቸው።

እኩለ ቀን አለፈ። ስግደቱም፣ ንባቡም ጉልበቴን ጨርሶታል። ከሰዓት በኋላ የእማማ ልጅ ኩርፊያዋ አሸንፎ፣ የመጨረሻው ክፍል ዛሬ ነውና ሴቶቹን ጠራቻቸው። ድራማውን የከለከሉት ስለ እኔ ነበርና እማማ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ እንግዳ ከመጣ በኋላ ግን ምን ይላሉ? እኔ በር አጠገብ፣ ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ድራማው እየተጋመሰ ሳለ ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ። ከንፈሬ ዙሪያ ይወረኛል፤ ጀርባዬ ላይ ላብ ይወርዳል። ከቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ መርፌውን የተከለከለው ሰውዬ ወለል ላይ ወድቆ ይንቀጠቀጣል። ሁለታችን እኩል እንንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤት አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ እኔን አየችና ወንበሯን ሳብ አድርጋ ራቅ አለች። ሌላዋ አማተበች። የእማማ ልጅ ስልኳን ነክታ ሥዕሉን አቆመችው፤ ሰውየው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ያ ሁሉ ዓይን ሆዴ ላይ ሲያርፍ ይሰማኝ ነበር።

«ስኳር» አልኩ።

ድምፄ የራሴ አይመስልም። እማማ ተነሥተው መጡ፣ ትከሻዬን ያዙ።

«ልጄ፣ ጸንተሽ ጸንተሽ? ጀምበሯ እኮ ልትገባ ነው። ትንሽ ታገሽ፣ ቀኖናሽን አታፍርሺ።»

«ስኳር» አልኩ እንደገና። ሴቶቹ ሻይ ላይ የሚጨመረውን እንደለመንኩ ነው የሰሙት፤ መለመኔም ነበር። እማማ ሊያጽናኑኝ ጎንበስ ሲሉ ነጠላቸውን ጨምድጄ ያዝኩና ከጆሯቸው ሥር፣ «ስኳር አለብኝ፤ መርፌው የሱ ነው» አልኳቸው።

እማማ ቀና አላሉም። ከዚያ ለልጃቸው፣ ሳይዞሩ፣ «ስኳር በጥብጠሽ አምጪ፣ ቶሎ» አሉ። ብርጭቆውን ራሳቸው ይዘው አጠጡኝ፤ ግማሹ በደረቴ ላይ ፈሰሰ። ጥቂት ቆይቶ ፊታቸው ሲጠራልኝ ደግፈው ወደ ክፍሌ ወሰዱኝ፣ አስተኙኝ፣ ዳቦ በእጃቸው እየቆረሱ አጎረሱኝ። ጸሐይዋ ገና አልገባችም ነበር።

«አባን ዋሸሽ» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔን ዋሸሽ።»

«አፍሬ ነው እማማ።»

ያጽናኑኛል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ስለ ወንዱ ሲነግሩኝ እንደነበረው «አትፈሪ፣ ሰው ነሽ» ይሉኛል ብዬ። ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ፣ በሩም መዘጋቱን በእጃቸው ገፋ አድርገው አረጋገጡ። ተመልሰው ሲቀመጡ ዕንባቸው ወርዷል።

«ምነው ልጄ፣ ያኛው በሆነ» አሉኝ። «ያኛውስ ንስሐ አለው።»

የሰማሁት ምንም አዲስ ነገር አልነበረም፤ እኔ ራሴ ያሰብኩትን ነው የተናገሩት። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልናደድባቸው ፈለግሁ፤ ያጎረሱኝ ዳቦ ገና አፌ ውስጥ ነበር።

ሴቶቹ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። እማማ ወጥተው ሲያነጋግሯቸው በቀጭኗ በር በኩል አንድ በአንድ እሰማለሁ።

«ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም» አሉ እማማ። «ጾሙ ከብዷት ነው። ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።»

«እንዲህ ነው እንጂ መጾም» አለች ወንበሯን ያራቀችው ጎረቤት። «እኛማ ምኑን ጾምነው።» ሌላዋ በረከቷ ይድረሰኝ አለች። እማማ «አሜን» አሉ።

ብወጣና ብናገር እግሬ ያደርሰኝ ነበር፤ ስኳሩ ጉልበቴን መልሶልኛል። ከአልጋዬ ላይ ሳልነሣ ኮቴያቸው ከግቢው እስኪወጣ አዳመጥኩ፣ የውጩ በር ሲዘጋም ከልቤ እፎይ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቀላው ያ እፎይታ ነው።